57 ሰው ሲቀር ኤ8 ጣልኩ፤ ጥፋቴ የቱ ጋ ነው?

የከዚራ ጥላ
ቅዳሜ ሌሊት 9፡50

ጀመዓ ሰላም ነው? ሙቀቱም ንዴቱም አላስተኛ ብሎኛል። ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ እኔም አልጋዬ ላይ እዞራለሁ።

በስልክ የምጫወተው የ1.10 ዶላር የፖከር ቶርናመንት ነው። 1 ዶላሩ ለሽልማት፣ 10 ሳንቲሙ ለቤቱ። ማታ 4 ሰዓት ጀመረ። 412 ሰው ገባ፣ የሚከፈለው ለ54 ሰው ነው። አንደኛ 74 ዶላር፣ 54ኛ 2 ዶላር። አራት ሰዓት ያህል ጨዋ ሆኜ ተጫወትኩ። 57 ሰው ሲቀር 11 ቢግ ብላይንድ የሚሆን ቺፕ አለኝ (ቢግ ብላይንድ በየእጁ አንዱ ወንበር ካርታ ሳያይ በግዴታ የሚያስገባው ነው፣ ስሞል ብላይንድ ግማሹ)። በተን ላይ ነኝ፣ ከሁለቱ ብላይንዶች በፊት ያለችው ወንበር። ሁሉም ካርታውን ጥሎ ጥሎ እኔ ጋ ደረሰ። ካርታዬ ኤ8፣ አንድ ኤ አንድ 8፣ ቀለሙ የተለያየ። ከኋላዬ ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለው። ስሞል ብላይንዱ ላይ ያለው 9 ቢግ አለው፣ ቢግ ብላይንዱ ላይ ያለው 30።

ጣልኩ።

ሦስት ሰው ከወጣ ገንዘብ ውስጥ ነኝ ብዬ ነዋ! ከዚያ ሁለት ዙር ሙሉ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። 6 ቢግ ቀረኝ። ባብሉ ፈነዳ፣ ማለት ሦስቱ ሰው ወጥቶ ገንዘብ ውስጥ ገባሁ፣ እንኳን ደስ አለህ የሚል ጽሑፍ መጣ፣ በጨለማ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ወዲያው ኬጄ (ኬና ጄ) መጣልኝ። ያለኝን ቺፕ ሙሉውን ገፋሁ። ያው ባለ 30 ሰውዬ ኤ3 ይዞ ሳያስብ ኮል አደረገኝ፣ እኩል አስገባ። እስከ ሪቨር፣ እስከ መጨረሻዋ ካርታ ምንም የለም። 49ኛ።

እንዲህ ስሆን አራተኛዬ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። የኔ እንቁላል 50ኛ አካባቢ ሲደርስ ነው ሁሌ የሚሰበረው። ኤ8ን መጣሌ ነው ጥፋቱ ወይስ ኬጄን መግፋቴ?

ወሪያ
ቅዳሜ ሌሊት 10፡05

አቦ 2 ዶላር በልተህ ታለቅሳለህ እንዴ! ጠዋት መጋላ ፉል ትጋብዘናለህ፣ አለቀ።

ጀጎል ውስጥ
እሑድ ጠዋት 2፡20

ኬጄን መግፋትህ ምንም አይደለም። ጥፋቱ ኤ8 ላይ ነው። ለነገሩ ብዙ ሰው የሚያጠፋው እዚያው ነው፣ አትሸማቀቅ። እዚህ ሐረር ጅብ ሊያበላ የመጣ ቱሪስት አይተህ ታውቃለህ? ሥጋው እንጨቱ ላይ ነው፣ እንጨቱ እጁ ላይ ነው፣ ሰውዬው ግን ደርቆ ቀርቷል። 57 ሰው ሲቀር አንተ እሱን ነበርክ።

እስቲ ሒሳቡን እንይ። ጠረጴዛው 8 ሰው ነው ብዬ ልነሳ። አንቲው የቢጉ አንድ ስምንተኛ ከሆነ፣ በየእጁ ከሁሉም የሚሰበሰበው አንቲ 1 ቢግ ይሞላል። ስለዚህ ገና ማንም ሳይጫወት መሐል ላይ 2.5 ቢግ አለ። አንድ ዙር ቁጭ ብለህ ብትጥል ከኪስህ የሚወጣውም 2.5 ነው። 11 ነበረህ፣ ሁለት ዙር ጣልክ፣ 6 ቀረህ። ማንም አልበላህም፣ ሰዓቱ ነው የበላህ።

አሁን ኤ8ን ገፋህ እንበል። ከኋላህ ያሉት ሁለቱም ከአምስት እጅ አንዱን ይዘው ኮል ቢያደርጉ፣ ሁለቱም የሚጥሉበት ጊዜ 64 ከመቶ ነው። ያኔ ካርታ ሳታሳይ 2.5 ትወስዳለህ፣ የአንድ ዙር ወጪህን ሸፈንክ ማለት ነው። ያንኑ ኤ8 መጀመሪያ ወንበር ላይ፣ ሰባት ሰው ከኋላህ እያለ ብትገፋው ግን ሁሉም የሚጥሉት 21 ከመቶ ብቻ ነው። ካርታው ያው ነው፣ ወንበሩ ነው የተለየው። ለዚህ ነው በተን ላይ ሲሆን ኤ8 ትልቅ ካርታ የሚሆነው።

6 ቢግ እስኪቀርህ መጠበቅ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። 6 ስትገፋ ባለ ቢጉ 5 ጨምሮ 8.5 ለመውሰድ ነው የሚጫወተው። 37 ከመቶ ማሸነፍ ይበቃዋል። ያንን ደግሞ ኤ3 አይደለም ከዚያ የባሰ ካርታም ያመጣዋል። ሰውዬው ሳያስብ ኮል ያደረገህ ጅል ስለሆነ አይደለም፣ ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ነው። በ11 ብትገፋ ግን 10 መጨመር አለበት፣ 42 ወይም 43 ከመቶ ያስፈልገዋል። ደግሞም ከ30 ላይ 10 ማጣት ያማል። የሚጥለው ያኔ ነው።

ከሞቱ አሟሟቱ ይላሉ። በ11 መሞትና በ6 መሞት አንድ አይደለም።

ባለ አይሱዙ
እሑድ ጠዋት 3፡10

ጀጎል እውነቱን ነው። እኔ ሐረር ድሬ ነው የምመላለሰው። ደንገጎን ስትወርድ ጭነት ይዘህ ፍሬን ብቻ ረግጠህ ከወረድክ ፍሬኑ ይቃጠላል። ማርሽ ነው የሚይዝህ። ብላይንድ ሲጨምርም ያው ቁልቁለት ነው። መጣል ብቻ ፍሬን ነው፣ ታች ሳትደርስ ይሸትሃል።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ስንት ቢግ ሲቀረኝ ነው መግፋት የምጀምረው? እኔ 10 ከሆነ በኋላ ግራ ይገባኛል።

ጀጎል ውስጥ
እሑድ ጠዋት 3፡25

ከ10 በታች ሲሆን ብዙ ምርጫ የለህም፣ ወይ ሙሉውን ወይ መጣል። ግማሽ ገፍተህ ፍሎፕ (መጀመሪያ መሐል ላይ የሚገለጡትን ሦስት ካርታዎች) አይቼ እወስናለሁ ማለት እዚያ ላይ የለም። ግማሹን ካስገባህ ሒሳቡ ራሱ ያስርሃል። ከ12 እስከ 20 ባለው መሐል ደግሞ ሌላ ሰው ቀድሞ በትንሽ ሬይዝ ሲከፍት (ከቢጉ በላይ ሲያስገባ) በላዩ ሙሉውን መግፋት ነው ትልቁ መሣሪያ። ሰውዬው ከፍቷል፣ መሐል ላይ ገንዘብ አለ፣ አንተ ደግሞ እሱን ለማሳመም የሚበቃ ስታክ አለህ። ከ25 በላይ ከሆንክ ተረጋጋ። የቢጉን ሁለት እጥፍ ከፍተህ ትጫወታለህ፣ ሦስት አራት እጥፍ መክፈት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ሳቢያኑ
እሑድ ቀን 6፡40

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ሁሉ ሒሳብ የሚሠራው ካርታ መጣል ለሚያውቅ ሰው ነው። በ1 ዶላር ጨዋታ ማን ይጥላል? ባለፈው ባብል ላይ ዘጠኝና ሰባት አንድ ቀለም ይዤ ገፋሁ። አንዱ ኬ4 ይዞ ኮል አደረገኝ። ኬ4! ገንዘብ ሊገባ ሁለት ሰው ሲቀር! አምስት ከመቶም አላሰበም። ወላሂ ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ነበር።

እና ጀጎል፣ ያ 64 ከመቶህ ሳቢያን አይደርስም።

ጀጎል ውስጥ
እሑድ ቀን 7፡15

ሳቢያኑ ልክ ነህ፣ ግን መልሱ መግፋት ማቆም አይደለም። ሁለቱም ከአስር እጅ በአራቱ ኮል ያደርጋሉ እንበል። ሁለቱም የሚጥሉት 36 ከመቶ ብቻ ሆነ። እሺ። ያኔ በዘጠኝና ሰባት መግፋት ቀሽም ነው፣ ምክንያቱም ዘጠኝና ሰባት የሚያተርፈው ሰው ሲጥልልህ ብቻ ነው። ኤ8 ግን ካርታውን ሳያይ ኮል ካደረገ ሰው ጋር በአማካይ 60 ከመቶ ያህል ያሸንፋል። ኬ4 ይዞ ከመጣማ እሰየው! ሰው የማይጥልበት ጠረጴዛ ላይ ባለ ኤ ካርታና ጥንድ ግፋ፣ ቆንጆ የሚመስሉትን ተያያዥ ካርታዎች ተዋቸው።

ሁለተኛው ነገር፣ ሰው መምረጥ ነው። በርካሽ ጨዋታ ሁሉም አይጥልም የሚባለው ውሸት ነው። ሁለት ዓይነት ሰው አይጥልም። አንዱ ቺፕ የተትረፈረፈው ነው። ሌላው 2 ቢግ ቀርቶት ተስፋ የቆረጠ ነው። መሐል ላይ ያለው፣ ከ12 እስከ 20 ያለው፣ እሱ ይጥላል። እንዴት ታውቀዋለህ? ሰዓቱን እያት። በየእጁ ሰከንዱ እስኪያልቅ የሚጠብቅ አለ። ካርታው የሚያሳስበው እንዳይመስልህ፣ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ሰው እስኪወጣ ነው የሚጎትተው። የእሱን ብላይንድ ነው የምትወስደው።

የከዚራ ጥላ
እሑድ ቀን 7፡30

አቦ ያ የምትለው ሰውዬ እኔ ነኝ።

ቆጣሪ
እሑድ ማታ 1፡00

እስካሁን ዝም ብዬ አነበብኩ። አንድ ነገር ጎድሏል። ባብል ላይ መግፋትና ኮል ማድረግ ለየብቻ ነገር ናቸው። ሁለቱንም ድፍረት ትሉታላችሁ፣ ግን አንድ አይደሉም።

ትንሽ ምሳሌ ልስጥ። 4 ሰው ቀርቷል፣ የሚከፈለው ለ3 ነው። 50፣ 30፣ 20 ዶላር። አራቱም እኩል ቺፕ አላቸው። የእያንዳንዱ ድርሻ 25 ዶላር ነው፣ ግልጽ ነው። አሁን አንዱ ሙሉውን ገፋ፣ አንተ ኮል አድርገህ አሸነፍክ። ቺፕህ እጥፍ ሆነ። ገንዘብህስ? እጥፍ አይሆንም። ሲሰላ 38.33 ዶላር ነው የሚሆነው። ብትሸነፍ ዜሮ። ስለዚህ 13.33 ለማትረፍ 25 ታሲዛለህ። ብላይንዱን ለጊዜው ትተነው፣ ኮል ለማድረግ 65 ከመቶ ማሸነፍ አለብህ።

ኤኬ ቀለሙ የተለያየ፣ ሰውዬው ካርታውን ሳያይ እንኳ ቢገፋ የሚያሸንፈው 65 ከመቶ አካባቢ ነው። ካርታውን አይቶ መርጦ ከገፋ ከዚያ ይወርዳል። የ7 ጥንድም ካልታየ ካርታ ጋር 66 አካባቢ ናት። ማለትም እዚያ ቦታ ላይ ኤኬ የምትጣል ካርታ ትሆናለች። የገፋው ሰው ግን ይሄን ጭንቀት ለአንተ አሸክሞ ቁጭ ይላል። አይ ሲ ኤም የሚሉት ይሄንን ነው። በቶርናመንት የምታጣው ቺፕ ከምታገኘው ይከብዳል።

ወሪያ
እሑድ ማታ 1፡12

ኤኬ ልጣል?! ወንድሜ አንተ ሰው ነህ?

ቆጣሪ
እሑድ ማታ 1፡15

እህትህ ነኝ። ባንክ ቤት ካሸር ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ፣ ማታ የራሴን።

ወሪያ
እሑድ ማታ 1፡16

ይቅርታ እህቴ። ግን ኤኬ አልጥልም።

የከዚራ ጥላ
እሑድ ማታ 1፡30

ቆይ ቆይ፣ አሁን ተደበላለቀብኝ። ጀጎል ግፋ አለኝ፣ ቆጣሪ ኤኬም ጣል ትላለች። እንዲያ ከሆነ እኔ ኤ8 መጣሌ ልክ ነበር ማለት አይደል?

ቆጣሪ
እሑድ ማታ 1፡45

አይደለም። የሰጠሁህ ምሳሌ 4 ሰው ቀርቶ ነው። እዚያ አንድ ሰው ቢወጣ የሁሉም ኪስ ይለወጣል። አንተ ግን 57 ሰው ውስጥ ነበርክ፣ የምትጠብቀው ደግሞ 2 ዶላር ነው። አንደኛው 74 እያለ! ጫናው አለ፣ ግን ያን ያህል አይደለም። አንተ ለ2 ዶላር ብለህ 5 ቢግ ከፈልክ። ደግሞም ኮል አድርግ አልተባልክም፣ ግፋ ነው የተባልከው።

ሳተላይት (ሽልማቱ የሌላ ቶርናመንት መግቢያ ቲኬት የሆነ ጨዋታ) ላይ ግን ተቃራኒው ነው። 10 ቲኬት አለ፣ 11 ሰው ቀርቷል እንበል። አንደኛ የወጣውም አስረኛ የወጣውም አንድ ቲኬት ነው የሚወስደው። ብዙ ቺፕ ካለህና አንድ ሰው በግማሽ ቢግ እየተንጠለጠለ ከሆነ ሁለት ኤ ቢመጣልህም ትጥላለህ። እኔ ጥያለሁ። እጄ አልታዘዝ ብሎኝ በሌላኛው ጣቴ ነው የተጫንኩት።

የምድር ባቡር ጡረተኛ
እሑድ ማታ 2፡30

ልጆች፣ የልጅ ልጄ ነው ይሄን ያሳየኝ። ቁማር አትጫወቱ ብል እንደማትሰሙ አውቃለሁ፣ እኛም አልሰማንም። ወርክሾፕ ውስጥ ከሥራ በኋላ ኮንከር እንጫወት ነበር። ደመወዝ በተቀበለ ማግስት የሚጫወት ሰውና ወሩ ሊያልቅ ሲል የሚጫወት ሰው አንድ አይደሉም። የሁለተኛው ፊት ላይ የቤት ኪራዩ ይነበባል። ካርታውን ማየት አያስፈልገንም ነበር። በስልክ ፊት አይታይም፣ ግን ያ ሰዓት የሚጎትተው ልጅ ያላችሁት እሱ ይመስለኛል።

የከዚራው ልጅ፣ ይሄ ገንዘብ ከየት ነው?

የከዚራ ጥላ
እሑድ ማታ 2፡40

ጋሼ ሰላም ነዎት? ከኪሴ አይደለም። መጀመሪያ ፍሪሮል (በነፃ የሚገባበት ቶርናመንት) ላይ 6 ዶላር አገኘሁ፣ እሷን እያባዛሁ አሁን 40 ደርሳለች። ካለቀች አቆማለሁ።

ጀጎል ውስጥ
እሑድ ማታ 2፡55

ጋሼ የነኩት ትልቅ ነገር ነው። 40 ዶላር ለ1.10 ጨዋታ 36 መግቢያ ብቻ ነው። በቶርናመንት ከአስር ሰው አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው የሚከፈለው፣ ስለዚህ ጥሩ ተጫዋችም ሠላሳ ጊዜ ገብቶ ባዶ እጁን ሊመጣ ይችላል። ቢያንስ 100 መግቢያ ይኑርህ። ወደ 25 ሳንቲሙ ውረድ። 11 ቢግ ይዘህ የደረቅከው ይሄን ስለምታውቅ ይሆናል፣ 2 ዶላሯ ለአንተ ብዙ ናት።

ገንደ ቆሬ
ሰኞ ሌሊት 7፡20

ሁላችሁም ስለ ባብል ትላላችሁ። እኔ ፋይናል ቴብል፣ የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ የደረሰብኝን ስሙ።

8 ሰው ቀርቷል፣ በቺፕ ሦስተኛ ነኝ። መብራት ድርግም አለ። ዋይፋዩ አብሮት ሞተ። ዳታ ልክፈት ብል ፓኬጄ አልቋል። ጎረቤቴን ልቀሰቅስ በሸበጥ ወጣሁ። በሩን ስደበድብ ሌባ መስዬው ዱላ ይዞ ወጣ። ሆትስፖት እስኪከፍትልኝ፣ ፓስዎርዱን እስኪያስታውሰው፣ ብቻ ስመለስ 14 ቢግ የነበረኝ 8 ሆኗል። ያለ እኔ ሲጥልልኝ ነው የቆየው።

ግን 6 ሰው ቀርቷል! ሁለት ሰው እርስ በርስ ተበላልተው ወጥተዋል። በሸበጥ ስሮጥ ሁለት ደረጃ ከፍ ብያለሁ። ተቀምጬ ብጫወት ኖሮ ከሁለቱ አንዱ እኔ ነበርኩ፣ እምላለሁ።

ቆጣሪ
ሰኞ ጠዋት 1፡10

ገንደ ቆሬ ሳታውቀው ትክክለኛውን ነገር ነው የሠራኸው። መጣል የሚከፍልበት ቦታ አለ፣ እሱም ፋይናል ቴብል ነው። እዚያ ከ8ኛ ወደ 6ኛ መውጣት እውነተኛ ገንዘብ ነው። በተለይ ካንተ ያነሱ ሁለት ሦስት ሰዎች ካሉ፣ አንተ ደግሞ በቺፕ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ከሆንክ፣ ከአንደኛው ጋር መጋጨት ትልቁ ስህተት ነው። እሱ ቢሸነፍ ይተርፋል፣ አንተ ብትሸነፍ ባለ 2 ቢጎቹ ቀድመውህ ይበላሉ። እነሱ እስኪወጡ ጠብቅ።

የከዚራ ጥላ ለ2 ዶላር ጠበቀ፣ እዚያ መጠበቅ አይከፍልም። ፋይናል ቴብል ሲደርስ ደግሞ መጠበቁን ይረሳዋል፣ አሁን ተደሰትኩ ብሎ በሁሉም ካርታ ይገባል።

ባለ አይሱዙ
ሰኞ ቀን 5፡00

ስለ ፋይናል ቴብል ካነሳችሁ አንድ ጭቅጭቅ ፍቱልን። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ቤት ውስጥ በሠራነው ጨዋታ 3 ሰው ቀርተን ነበር። 50፣ 30፣ 20 ነው ሽልማቱ። ሌሊት ሆነ፣ እንካፈል ተባባልን። እኔ ከቺፑ ግማሹ ነበረኝ፣ ሁለተኛው 30 ከመቶ፣ ሦስተኛው 20 ከመቶ። ግማሽ ቺፕ ካለኝ ግማሹ ገንዘብ የኔ ነው አልኩ። ተጣላን። እስካሁን አንዱ አያናግረኝም።

ቆጣሪ
ሰኞ ቀን 6፡30

ያላናገረህ ልክ ነው! ግማሹ 50 ዶላር ነው፣ 50 ደግሞ የአንደኛ ሽልማት ነው። ሳትጫወት አንደኛ ውጣ ልትል ነው? ሦስተኛው ደግሞ 20 ይወስዳል፣ ያንን አሁኑኑ ሙሉውን ገፍቶ ቢሸነፍም ያገኘዋል። ምን አስጨንቆት ይፈርማል?

ለእያንዳንዳችሁ መጀመሪያ 20 ይቀመጣል፣ ያንን ማንም አይነካውም። የቀረው 40 በቺፕ ቢከፈል 40፣ 32፣ 28 ይሆናል። በአይ ሲ ኤም ሲሰላ ደግሞ ለአንተ 38.39፣ ለሁለተኛው 32.75፣ ለሦስተኛው 28.86 ነው። ግማሽ ቺፕ ይዘህ ከ39 በታች። ደውልለት።

ሳቢያኑ
ሰኞ ማታ 3፡00

እሺ ሒሳቡን ተቀበልኩ። አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳም። ምርቃና! በርጫ ላይ ቁጭ ብሎ ቶርናመንት የጀመረ ሰው መጀመሪያ ሁለት ሰዓት ሊቅ ነው። ሁሉን ያነባል፣ ሁሉን ያስታውሳል። ሌሊት 7 ሰዓት ሲሆን ግን ምርቃናው ይወርዳል። ፋይናል ቴብሉ ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው የሚመጣው። ያኔ ሰው ሁሉ እያጭበረበረኝ ነው የሚል ስሜት ይመጣል፣ ኮል ኮል ኮል። ኬ4 ይዞ ኮል ያደረገኝ ሰውዬ አወዳይ አጠገብ የሚኖር ነው ብዬ ነው የምጠረጥረው።

ጀጎል ውስጥ
ሰኞ ማታ 3፡20

እውነት ነው፣ እኔም በቶርናመንት ቀን ትቼዋለሁ። ሐሻራ (የቡና ገለባ መጠጥ) ጠጥቼ ነው የምጫወተው። እናቴ ደስ ብሏታል፣ ምክንያቱን ግን አልነገርኳትም።

ሄድስ አፕ ሲደረስ ደግሞ አንድ ነገር ያዙ። ሁለት ሰው ሲቀር በተኑ ራሱ ስሞል ብላይንድ ነው። ከፍሎፕ በፊት ቀድሞ ይጫወታል፣ ከዚያ በኋላ ግን ሁሌ መጨረሻ ነው። 10 ቢግ አካባቢ ከሆናችሁ ስሞሉ ከግማሽ በላይ በሆነ ካርታ ይገፋል። ብዙ ሰው እዚያ ደርሶ ጥሩ ካርታ ይጠብቃል። ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለው፣ ኬ5ም ጥሩ ካርታ ነው።

የከዚራ ጥላ
እሑድ ጠዋት 1፡30

ጀመዓ፣ ሳምንት ሆነኝ። 25 ሳንቲሙን ሳምንቱን ሙሉ ተጫወትኩ። ትናንት ማታ ግን አንዴ ብዬ 1.10ሩ ውስጥ ገባሁ፣ ጀጎል ይቅር በለኝ። 380 ሰው፣ ለ50 ይከፈላል።

53 ሰው ሲቀር 12 ቢግ አለኝ። ሰዓት የሚጎትት ሰው ፈለግኩ፣ አገኘሁ፣ ግራዬ ላይ ነው የተቀመጠው። ሦስት ጊዜ ብላይንዱ ላይ ገፋሁበት። ኤ5፣ የ4 ጥንድ፣ ኬ10። ሦስቱንም ጣለ። ሦስተኛው ላይ የሚያለቅስ ምስል ላከልኝ። አሳዘነኝ ብል ውሸት ነው። ባብሉ ሲፈነዳ 17 ቢግ ነበረኝ፣ ከዚያ ኤ8 መጣልኝ። ያቺው ኤ8! ገፋሁ፣ ኬ9 ኮል አደረገኝ፣ ቆመችልኝ።

ፋይናል ቴብል ደረስኩ። 6 ሰው ሲቀር በቺፕ ሁለተኛ ነኝ። ሁለት ሰዎች ሦስት ሦስት ቢግ ይዘው እየተንጠለጠሉ ነው። በቺፕ አንደኛ የሆነው ሰውዬ ሙሉውን ገፋ። ካርታዬን አየሁ፣ ኤጄ አንድ ቀለም። ቆጣሪ ትዝ አለችኝ። እጄ ላብ በላብ ሆኖ ስክሪኑ አልነካ አለኝ፣ በካናቴራዬ ጠርጌ ጣልኩ። ሁለቱ ባለ ሦስት ቢጎች በአስር ደቂቃ ውስጥ ወጡ። 4ኛ መሆኔ ተረጋገጠ።

ከዚያ ያው አንደኛው ሰውዬ አራት ጊዜ ተከታትሎ ብላይንዴን ወሰደ። ጠረጴዛው ላይ 5 ቢግ የቀረው ሰው አለ፣ እኔ 15 አለኝ። አምስተኛ ጊዜ ሙሉውን ገፋብኝ። ኬኩ አለኝ። ያንን ሁሉ ሒሳብ አውቀዋለሁ። ግን እልህ ያዘኝ፣ ኮል አልኩ። የ6 ጥንድ ነበረው፣ አልመጣልኝም። 4ኛ፣ 26 ዶላር።

ጥፋቴ የቱ ጋ ነው?

ቆጣሪ
እሑድ ጠዋት 2፡05

ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ባለ 5 ቢጉ ሰው ስንተኛ ወጣ?

የከዚራ ጥላ
እሑድ ጠዋት 2፡10

ሁለተኛ።

ቆጣሪ
እሑድ ጠዋት 2፡11

እንግዲህ።

ባለ አይሱዙ
እሑድ ጠዋት 2፡30

እኔ ደወልኩለት። 10 ዶላር ይመልስ ብሎኛል፣ ቆጣሪ ተስማምተሻል?

ቆጣሪ
እሑድ ጠዋት 2፡40

50 ወስደህ ከሆነ የሚመለሰው 11.61 ነው። ከዚያ ላይ ለሁለተኛው 2.75፣ ለሦስተኛው 8.86።

የምድር ባቡር ጡረተኛ
እሑድ ጠዋት 3፡00

የከዚራው ልጅ፣ 26 ዶላሯን ዛሬ አትንካት። ነገም ወደ 25 ሳንቲሙ ተመለስ።

የከዚራ ጥላ
እሑድ ጠዋት 3፡05

እሺ ጋሼ።

ወሪያ
እሑድ ጠዋት 3፡06

ጋሼ ከፉሉ በኋላ ይበሉት እንጂ! መጋላ ነኝ፣ አዝዣለሁ።